የከፈተ ይወስዳል

ቁልፍ ሠሪዋ ስትናደድ አትጮኽም፤ ሞረድ ታነሳለች። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ አንድ ብረት ሞርሳው ላይ ታስርና ትሞርዳለች። ብረቱ መሞረድ ባያስፈልገውም ትሞርዳለች። የሕንፃው ነዋሪዎች የንዴቷን ምክንያት ከድምፁ ይለያሉ፦ ረጅምና ቀስ ያለ ከሆነ ደንበኛ አበሳጭቷታል፤ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ ልጆቿ ናቸው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ድምፁ ከሁለቱም አልነበረም። ሞረዱ ይሄድና መሐል ላይ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ይቆማል። የሕንፃው ዘበኛ ይህን ሲሰማ ወንበሩን አንስቶ ከሱቁ በር ራቅ አለ።

የተናደደችበትን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ይህች ሴት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ምን እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ በጣም ደስ የሚል ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሕንፃው አሮጌ ነው፤ በሮቹ ሲዘጉ በራሳቸው የሚቆለፉ ናቸው። ቆሻሻ ልጣል ብሎ በነጠላ ጫማ ብቅ ያለ ሰው፣ ነፋስ በሩን ከኋላው ገፋ ካደረገበት ውጭ ቀረ ማለት ነው። ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ የቀረ አለ፤ በፎጣ የቀረም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ትርፍ ቁልፍ እሷ ዘንድ ያስቀምጣል። ሱቋ ግድግዳ ላይ በተገጠመ የብረት ሣጥን ውስጥ ቁልፎቹ በረድፍ ተሰቅለዋል። ስም አልተጻፈባቸውም፣ ቁጥርም የላቸውም፤ የማን እንደሆኑ የምታውቀው በጥርሳቸው ነው። «ይቺ ፍንጭቷ የፀጉር አስተካካዩ ናት፤ ይቺ ደግሞ ጥርሷ የረገፈው የላይኞቹ ባልና ሚስት» ትላለች። እንዴት ያለ ብልሃት እንደሆነ ልብ በሉ። ሌባ ሣጥኑን ቢሰብረው እንኳ የትኛው ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ አያውቅም።

ሣጥኑ በቀጥታ ሳንቲም አያስገባላትም፤ የምትበላው ግን በእሱ ነው። ከሌላ ሰፈር አንድ ሰው በሩ ተዘግቶበት ቁልፍ ሠሪ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚይዘው ፍርሃት ነው፤ ዛሬ በሬን የከፈተችልኝ ሴት ነገ ሳልኖር ብትመጣስ ይላል። ያን ጊዜ የዚህ ሕንፃ ሰው «የሁላችንም ቁልፍ እኮ እሷ ጋ ነው» ይለዋል። አለቀ። ቁልፍ መቅረጽ ማሽን ያለው ሁሉ ይቀርጻል፤ ተጠርቶ የሰው በር ፊት መቆም ግን በእምነት ነው።

ሥራዋን ቆሞ ያየ ሰው ይደነቃል። በበር ቁልፍ ሆድ ውስጥ፣ ከትንንሽ ሞላዎች ሥር፣ ቁመታቸው የተለያየ የነሐስ ዘንጎች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሱታል፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ሆዱ ይዞራል። ቁልፍ የሌለው ሰው ዘንጎቹን በቀጭን ሽቦ እየዳሰሰ አንድ በአንድ ማቆም አለበት። አንዱ በቆመ ቁጥር ጠቅ የምትል ነገር አለች። ጆሮ አይሰማትም፤ የጣት ጫፍ ነው የሚሰማት።

ይህችን ጠቅታ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ፊደል ሳይቆጥሩ ነው ያወቋት።

ትልቋን ሰው ሁሉ «ጠበቃ» ይላታል፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ትንሿ «ጉንዳን» ናት፤ ያገኘችውን ተሸክማ ትሄዳለች። አባታቸው ረጅም መንገድ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ልጆቹ ከትንሽነታቸው ጀምሮ የዋሉት ሱቅ ውስጥ፣ ከእናታቸው እግር ሥር ነው። እጃቸው አላርፍ ሲላት እናትየዋ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከረሜላ ወይም የፀጉር ጌጥ ታስቀምጥና በአሮጌ ጓጉንቸር ትቆልፈዋለች። ሁለት ሽቦ ትሰጣቸዋለች። «የከፈተ ይወስዳል» ትላቸዋለች። ሱቁ ጸጥ ይላል። ከረሜላው በቀላሉ ሲበላባት ጓጉንቸሩን ታከብደዋለች። ደንበኞች ቆመው ያያሉ፤ «የነዚህ ልጆች እጅ ወርቅ ነው» ይላሉ። እሷም ትኮራለች። ለመኩራት ምክንያት ነበራት፤ እንዲህ ያለ እጅ በየቤቱ አይገኝም።

ጨዋታው ግን ሱቁ ውስጥ አልቀረም። መጀመሪያ የክፍል ጓደኛቸው ቁልፍ ያለው የእርሳስ መያዣ ተከፈተ፤ እርሳሶቹም ሄዱ። ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ ብስክሌት ከታሰረበት ተፈትቶ ሌላ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። ከዚያ የዘበኛው ሬዲዮ ከተቆለፈበት ቁም ሣጥን ወጥቶ ተፈታታ፤ ሲገጥሙት ብሎን ተረፋቸው። «ጋሼ፣ ድሮም ትርፍ ነበረው ማለት ነው» አለችው ጉንዳን፣ ብሎኑን መዳፉ ላይ እያስቀመጠች። ዘበኛው ይህን ለሰው ሁሉ እየሳቀ አወራ፤ ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጣቢያ በቀር ባይዝም።

እናትየዋ አልሳቀችም። ተቆጣች፣ ቀጣች፣ የተበላሸውን ተካች፣ በየበሩ እየሄደች ራሷ ይቅርታ ጠየቀች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፤ በማግሥቱ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይነሳሉ።

አሁን ወደ ዓርብ እንምጣ።

ከነሱ በር ፊት ለፊት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ይኖራሉ። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ጠበቃንና ጉንዳንንም ጭምር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡር ሲነሣ ፊሽካ የሚነፉት እሳቸው ነበሩ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመው አንዴ ይነፋሉ፤ ሚስታቸው ያን ሰምተው ምድጃውን ይለኩሳሉ። ሰውየው ካረፉ በኋላ አዋላጇ ፊሽካውን በእንጨት ሣጥን ቆልፈው አልጋቸው ሥር አስቀመጡት። ማንም እንዲነፋው አይፈልጉም ነበር። ራሳቸውም አይነፉትም።

ዓርብ ከሰዓት አዋላጇ ከገበያ እየተመለሱ መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፊሽካው ተነፋ።

ሴትየዋ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ ጥለው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት ሮጡ። ግቢው ውስጥ ሲደርሱ ልጆች ተሰብስበዋል፤ መሐላቸው ጉንዳንና ጠበቃ ናቸው። የጣቢያ ፊሽካ እንዲያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሚሰጠው ሆዱ ውስጥ የምትሽከረከር የቡሽ ፍሬ ስላለች ነው። ጠበቃ ይህን ማወቅ ፈልጋ ሽቦ ሰዳ ፍሬዋን ጎልጉላ አውጥታታለች። ያረጀች ቡሽ ናት፤ መዳፏ ላይ ፈርሳ ዱቄት ሆናለች።

«ውስጡ ምን እንዳለ እያየን ነው እማማ» አለቻቸው።

አዋላጇ እጃቸውን ዘረጉ። ፊሽካውን ተቀብለው አንዴ ነፉት። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

እስኪመሽ ወሬው በየፎቁ ደረሰ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሱቅ ድረስ መጥቶ «እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን፤ የቁልፍ ሣጥኑን ጉዳይ እናነሳለን» ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ሞረዱ እየሄደ የሚቆመው ለዚህ ነው። ሣጥኑ ከተነሣ ሱቁም የሰው አፍ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ልጆቹን ጠርታ አቆመቻቸው።

«የአዋላጇን ቁልፍ ከሣጥኔ ውስጥ ሰረቃችሁ?»

ጠበቃ ፊቷ ተለወጠ፤ የተናቀች መሰላት። «እኛ ቁልፍ አንሰርቅም። በሽቦ ነው የከፈትነው።»

«በሽቦ ሲሆን ሌብነት አይደለም?»

«ቁልፍ ወስዶ መክፈትማ ማጭበርበር ነው። እኛ በሩንም ሣጥኑንም በእጃችን ከፈትን። የከፈተ ይወስዳል።»

«አልጋው ሥር ያለው ከባድ ነበር» አለች ጉንዳን። «እኔ ነኝ የከፈትኩት። ልናሳይሽ ነበር።»

እናትየዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ልጆቹ አልዋሿትም፤ ይህ ነው አንጀቷን ያሳረራት። በነሱ ቤት የተቆለፈ ነገር የሚባለው ኑና ክፈቱኝ የሚል ነው። ጓጉንቸሩ ሲከብድ ውስጡ ያለው ከረሜላ ይጥማል፤ ስለዚህ እጅግ የተቆለፈው የሰው ነገር እጅግ የሚያጓጓው ሆነ። ባለቤት የሚባል ሰው በዚያ ጨዋታ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ቆርቆሮ ሣጥኑ የማንም አልነበረምና።

ለባሏ ስልክ ደወለች። ነገሩን እስክትጨርስ ሰማና ሳቀ። «የኔ ልጆች ባቡሩንም ይከፍቱት ነበር እኮ» አለ።

«ድምፅህን አልስማ» ብላ ዘጋችው። ሁለት ጊዜ መልሶ ደወለ፤ አላነሳችም።

ከዚያ አንድ ባለሙያ ሲናደድ የሚያደርገውን አደረገች፤ ልትጠግነው ተነሣች። ከጠርሙስ ክዳን ቡሽ ቆርጣ፣ በምላጭ አድበልብላ፣ ለፊሽካው የምትሆን ፍሬ ሠራች። ፊሽካውን ግን ከአዋላጇ ስላልተቀበለች ልኩን በግምት ነበር የያዘችው። ለአዋላጇ በር ደግሞ አዲስ ቁልፍ መሥራት ጀመረች፤ ልጆቹንም ሞርሳው አጠገብ አቁማ አሠራቻቸው። እንዴት ያለ ቁልፍ መሰላችሁ። ከዘንጎቹ መሐል አንዳንዶቹ ወገባቸው የቀጠነ ነው፤ ሽቦ ሲነካቸው የቆሙ መስለው ያታልላሉ፣ ጠቅታዋንም በውሸት ይሰጣሉ። የሽቦ ሰው ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ሆዱ ነክሶ ይይዘዋል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። እናትየዋ ዓይናቸው መብራቱን አይታ ይበልጥ ተናደደች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም የአዋላጇ በር ላይ ቆሙ። እናትየዋ አንኳኳች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

«እትዬ፣ ለበርዎ አዲስ ቁልፍ ሠርተናል። ይሄን እነሱም አይከፍቱትም።»

«ሆዱን የሞላው ማነው?» አሉ አዋላጇ።

«እኔ ነኝ። እነሱም ረድተውኛል፤ እንዲማሩበት ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ያውቁታል ማለት ነው። ሌባ በሠራው ቁልፍ ሌባ ላይ ልቆልፍ?»

«ልጆቼን ሌባ አይበሉብኝ እትዬ።»

«ምን ልበልልሽ? እንግዳ ልበል? እንግዳ ያንኳኳል። እነዚህን ልጆች በገዛ እጄ ነው ወደዚህ ዓለም ያወጣኋቸው፤ አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው አያውቁም። ውሃ ልቀዳ ዞር ስል ቤቴ ቁጭ ብለው ነው የማገኛቸው። ዝም አልኩ። ልጅ ናቸው አልኩ። ይኸው።»

እናትየዋ የቡሽ ፍሬዋን አወጣች። አዋላጇ ፊሽካውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው በስንጥቁ አቀበሏት። ፍሬዋን በቀጭን ጉጠት አስገባችና ነፋች። ጮክ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ጮኸ።

«ይሄ የኳስ ዳኛ ነው» አሉ አዋላጇ። «የኔ ሰውዬ እንዲህ አልነበረም የሚነፋው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይንገሩኝና ላድርገው። ልግረፋቸው?»

«ልጆቹ ያንቺ ናቸው። እኔን አትጠይቂኝ።» ፊሽካውን ተቀብለው በሩን ዘጉ።

ቁልፍ ሠሪዋ ደሟ ፈላ። በሴትየዋም ጭምር ተናደደች። እጇ የሚችለውን ሁሉ ሠርታ ይዛ መጥታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? አዲሱን ቁልፍ ጨብጣ እዚያው ቆማ ሳለ ጠበቃ ከካልሲዋ ሽቦ መዘዘችና የገዛ ቤታቸውን በር ጠቅ ጠቅ አድርጋ ከፈተች። እናትየዋ አጠገቧ ቆማለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እናትየዋን ክፈቺልን ያላት የለም። ጉንዳን ተከትላ ገባች። እናትየዋ ይህን በየቀኑ ታየዋለች፤ ያን ቀን ግን ልጆቿ የተዘጋ በር ፊት ቆመው ሰው እስኪከፍትላቸው ጠብቀው እንደማያውቁ ገባት። አንድም ቀን።

እሁድ ጠዋት የብረት ሣጥኑን ከፍታ ቁልፎቹን በሙሉ አወረደች። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ አይቷት ገባ።

«ስብሰባው ከሰዓት ነው እኮ። ማን አንሺ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«ገና እንነጋገርበት ነበር፤ ምናልባት ይቆይ ሊሉ ይችላሉ።»

«ይቆይ ቢሉም አይቆይም። ልጆቼ የማይከፍቱት ሣጥን መሥራት አልችልም። ችዬ ቢሆን እሠራው ነበር።»

ሊቀመንበሩ ስብሰባ መምራት የሚወድ ሰው ነው፤ አጀንዳውን በላችበት።

ልጆቹን ደረጃው ሥር አቆመች። «ሽቦዎቻችሁን እዚህ አስቀምጡ። ካልሲ ውስጥ ያለውንም። አሁን እያንዳንዱን ቁልፍ ለባለቤቱ ትመልሳላችሁ። ታንኳኳላችሁ፤ ትጠብቃላችሁ። ከእጁ ላይ ታደርጋላችሁ፤ ለምን እንደመለሳችሁ ትናገራላችሁ።»

«ምን ብለን?» አለች ጠበቃ።

«ያደረጋችሁትን።»

«በአጭሩ ነው ወይስ…»

«ጠበቃ፣ ዛሬ አትከራከሪኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱን በሳሙና ለቅልቆ ከፈተላቸው። ሰምቶ እጁን አራገበ። «እኔ ቅር አላለኝም፤ እሷው ጋ ይቀመጥ።»

«ውሰደው» አለች እናትየዋ ከደረጃው ላይ። ሰውየው ሳሙናው ፊቱ ላይ እየደረቀ ወሰደ።

የላይኞቹ ባልና ሚስት ቶሎ አልከፈቱም። ጉንዳን ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። «ውስጥ አሉ። ቴሌቪዥኑ ይሰማል።»

«ይሰማ።»

«እማ፣ ይሄ በር እኮ ልል ነው፣ ትንሽ…»

«እስቲ ጨርሺው።»

ጉንዳን አልጨረሰችም። ደረጃው ላይ ሄዳ ሁለት እጆቿን ከቂጧ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። መጠበቅ ለነዚህ ልጆች ሥራ ሆነባቸው፤ ጣቶቻቸው ሳያዟቸው ይንቀሳቀሳሉ። በመጨረሻ ሚስትየዋ ከፈተች፤ ጠበቃ ንግግሯን ሳትጀምር ቁልፉን መንጭቃ «ገና አሁን ነው የታሰባችሁ?» ብላ በሩን ወረወረችው። ጠበቃ አፏን ከፍታ ቀረች። በዕድሜዋ መልስ ያጣችው ያኔ ነው።

የመጨረሻው የአዋላጇ ነበር። ጠበቃ አንኳኳች። የነጠላ ጫማ ድምፅ እስከ በሩ መጣና ቆመ። በሩ አልተከፈተም።

«እማማ፣ ቁልፍዎን ልንመልስ ነው» አለች ጠበቃ።

ዝም።

«በሥር በኩል ላስገባላቸው?» ብላ እናቷን በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ከእጃቸው ላይ ነው ያልኩሽ።»

የነጠላ ጫማው ድምፅ ተመልሶ ሄደ። እነሱም ተመለሱ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመጡ አንኳኩ፤ አልተከፈተም። ማክሰኞ አንድ ነዋሪ በሯ ተዘጋባትና ከሌላ ሰፈር ቁልፍ ሠሪ ጠራች። ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ «እንዴት ዋልሽ» አላት። «እግዜር ይመስገን» አለች ጥርሷን ነክሳ። ወዲያው ከላይ የመሰርሰሪያ ጩኸት መጣ። በእጅ መክፈት አቅቶት የቁልፉን ሆድ እየቦረቦረው ነበር። እሷ በጣቷ ጫፍ የምትከፍተውን በር። ዘበኛው ዞር ብሎ አያትና ፊቱን መለሰ።

በዚያው ከሰዓት ልጆቹን ይዛ ወጣች። ጉንዳን የአዋላጇን በር አንኳኳች። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ቁልፉ ጠበቃ እጅ ላይ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ትክክለኛው ቁልፍ፣ ሽቦም ብልሃትም የማያስፈልገው። ልጅቷ አንዴ ቁልፉን አንዴ የበሩን ቀዳዳ አየች። ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንድ ዓይንና አንድ እጅ ታየ።

«ቤትዎ ገብተን ፊሽካውን ወስደናል» አለች ጠበቃ፤ በዚያ ቀን ድምፅዋ የጠበቃ አልነበረም። «ቡሹን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

«አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ጉንዳን።

እጁ ቁልፉን ተቀበለ። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ተሰማ።

«ይቅር አሉን?» አለች ጉንዳን።

«አላሉም» አለች እናትየዋ።

ልጆቹ ወደ ራሳቸው በር አልሄዱም። ጠበቃ ወደ ተዘጋው በር ጠጋ ብላ ቆመች። «እማማ፣ ነገም መጥተን ማንኳኳት እንችላለን?»

የነጠላ ጫማው ድምፅ ከበሩ አልራቀም። 

«ማንኳኳቱ የናንተ ነው» አሉ አዋላጇ በበሩ ውስጥ ሆነው። «መክፈቱ የኔ ነው።»